ሕፃንና ሞግዚት ላሉበት ቤት የሚሆን ካሜራ፦ ጎንደር ገበያ ላይ ያሉት ሲመዘኑ

ለአብዛኛው የጎንደር ቤት የሚበቃው ይህ ነው፦ ሳሎን ላይ አንድ የሚዞር የዋይፋይ ካሜራ፣ ውስጡ 64 ወይም 128 ጊጋባይት ሚሞሪ ካርድ፣ መብራት ሲሄድ ራውተሩንም ካሜራውንም የሚያቆይ አነስተኛ ዩፒኤስ፣ ከዚያም ማታ ማታ ሞግዚቷ እያየች ካሜራው የሚጠፋበት ማብሪያ ማጥፊያ። አራተኛው ከሌለ ሦስቱንም ባትገዙ ይሻላል። ብዙ ቤት ሞግዚቷ የምትተኛው እዚያው ሳሎን ውስጥ ወይም ከሕፃኑ ጋር ነው፤ ቀን ልጁን የጠበቀ ካሜራ ሌሊት ሳይጠፋ ካደረ አንዲትን ሴት ልብስ ስትቀይርና ስትተኛ እየቀረጸ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ካሜራዎቹን የመዘንናቸው በምስል ጥራት ብቻ አይደለም። ሲዘጉ መዘጋታቸው አጠገባቸው ላለ ሰው ይታወቃል ወይ የሚለውንም ጠይቀናል።

ዋጋ አልጻፍንም፤ ከምንዛሬው ጋር ይለዋወጣልና ዛሬ የተጻፈው ለከርሞ አይሆንም። ፒያሳ ዙሪያ ሁለት ሦስት ሱቅ ጠይቁ፤ የካሜራውን፣ የሚሞሪውንና የገጠማውን ዋጋ ለየብቻ አስነግሩ። አንድ ላይ ተጠቅልሎ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ሚሞሪው ላይ ነው፤ እሱን ወደ ኋላ እናነሳዋለን።

ካሜራዎቹ

ታፖ ሲ200 ከሁሉም ቀድሞ የምንመርጠው ነው። ወደ ጎን 360፣ ወደ ላይና ወደ ታች 114 ዲግሪ ስለሚሸፍን ከአንድ ጥግ ሆኖ ሳሎኑን በሙሉ ያዳርሳል። ምስሉ 1080ፒ ነው፤ ሕፃኑ የጎረሰውን መዋጡን ወይም መትፋቱን ለመለየት ይበቃል። በጨለማ እስከ 9 ሜትር ያያል፤ ሳሎን ከዚያ አይረዝምም። ሰው ሲንቀሳቀስና መጋረጃ ሲወዛወዝ ለይቶ ያሳውቃል፤ ለዚህም ወርሃዊ ክፍያ አይጠይቅም። ታላቁ ሲ210 ምስሉ ትንሽ ይጠራል፤ የዋጋው ልዩነት ጠባብ ከሆነ እሱን ውሰዱ፣ ሰፊ ከሆነ ግን ሲ200 አያሳጣችሁም።

ድክመቱ ሁለት ነው። አዳፕተሩ 9 ቮልት ስለሆነ በተራ ፓወር ባንክ አይሠራም። አዳፕተሩ ሲቃጠል ደግሞ ጫፉ ገጠመልን ብለው የራውተር 12 ቮልት የሚሰኩ አሉ፤ ካሜራውን የሚገድለው ይኸው ነው። ሁለተኛው ድክመት ከላይ ያነሳነው ነው። «ፕራይቬሲ ሞድ» የሚባለው ሲበራ መቅረጹን ያቆማል፣ ሌንሱ ግን እዚያው አፍጥጦ ይቀራል። እናንተ ከስልካችሁ መዝጋታችሁን ታውቃላችሁ፤ ሞግዚቷ ግን ቃላችሁን ከማመን ሌላ ማረጋገጫ የላትም። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ካሜራውን የራሱ ማጥፊያ ባለው ኤክስቴንሽን ላይ ሰክቶ ማታ ማጥፋት።

ኢዝቪዝ ሲ6ኤን ከታፖ ብዙ አይርቅም። 1080ፒ ነው፣ በጨለማ እስከ 10 ሜትር ያያል፣ እስከ 256 ጊጋባይት ሚሞሪ ይቀበላል። ትልቁ ብልጫው ኃይሉን በ5 ቮልት በዩኤስቢ ገመድ መውሰዱ ነው፤ መብራት ሲሄድ ደህና ፓወር ባንክ ያቆየዋል። ምስሉን የሚቆልፍበት ስድስት ፊደል ያለው ኮድ ከሥሩ ተለጥፎ ይመጣል። ካሜራውን ከመስቀላችሁ በፊት ያንን ጽሑፍ ፎቶ አንሱት፤ ግድግዳ ላይ ከወጣ በኋላ እንደገና ለማንበብ መንቀል ሊያስፈልግ ነው። ያገለገለ ኢዝቪዝ ከሰው ስትገዙ ደግሞ የቀድሞው ባለቤት ከራሱ አካውንት ሳያወጣው ገንዘብ አትቁጠሩ። እሱ ካላወጣው በእናንተ ስልክ አይመዘገብም፤ ወደ ፋብሪካ ቅንብር መመለስም አይፈታውም።

የሻኦሚ የሚዞሩ ካሜራዎች በአንድ ነገር ከሁለቱም ይበልጣሉ፤ እንዲተኙ ሲታዘዙ ሌንሱ ወደ ውስጥ ገብቶ ይደበቃል። ክፍሉ ውስጥ ያለ ሁሉ መዘጋቱን ያያል። ለዚህ ጉዳይ ከዚህ የተሻለ አሠራር የለም፤ ሌሎቹም ቢከተሉት ምንኛ በወደድን። ነገር ግን ገበያ ላይ ያሉት ብዙዎቹ ለቻይና የተሠሩ ናቸው፤ አፑ ላይ አገር ስትመርጡ ቻይና ካላላችሁ አይመዘገቡም፣ ቻይና ካላችሁ ደግሞ ምስሉ ዞሮ ስለሚመጣ ይዘገያል። ሱቁ ውስጥ ቆማችሁ በራሳችሁ ስልክ አስመዝግባችሁ ሲሠራ ሳታዩ አትውጡ። የቆዩት ሞዴሎች ከ32 ጊጋባይት በላይ ሚሞሪ እንደማይቀበሉም ልብ በሉ።

ቪ380 በሚባለው አፕ የሚሠሩት ርካሾቹ ናቸው፤ ጎንደር ውስጥም በብዛት የሚታዩት እነሱ ናቸው። ካርቶናቸው ላይ የተጻፈውን የምስል ጥራት አትመኑ፤ ብዙውን ጊዜ የተጻፈው ከሚታየው እጅግ ይበልጣል። የሚያሳስበን ግን ምስሉ ሳይሆን ደኅንነቱ ነው። ካሜራው የሚታወቀው በመለያ ቁጥሩ ነው፤ የተጠቃሚ ስሙ «አድሚን»፣ የይለፍ ቃሉ ባዶ ሆኖ የሚመጣ አለ። ያንን ሳይቀይር የሚጠቀም ቤት የልጁን ክፍል መለያ ቁጥሩን ለሚያውቅ ሁሉ ክፍት አድርጎታል። ገዝታችሁት ከሆነ ዛሬውኑ የይለፍ ቃል አስገቡለት፣ ቁጥሩ የተለጠፈበትንም ልጣፍ አንሱት። አንድ እውነተኛ ጥቅም አለው፤ ኢንተርኔት ጨርሶ ባይኖር የራሱን ዋይፋይ ይከፍትና ስልክ በቀጥታ ከእሱ ጋር ተገናኝቶ የተቀረጸውን ማየት ይቻላል፤ እቤት ስትሆኑ ብቻ ነው እንጂ ከሩቅ አይደለም።

አምፖል የሚመስሉትንና አምፖል መግጠሚያው ላይ የሚጠመዘዙትን ግን ለሕፃን ክፍል አንመክርም። የክፍሉን መብራት ያጠፋ ሰው ሁሉ ካሜራውንም ያጠፋዋል። ከጣሪያ መሐል ቁልቁል ስለሚያዩ የሚያሳዩት አናት ነው፤ የልጁ ፊትና የሞግዚቷ እጅ አይታይም፤ ማየት የሚያስፈልገው ደግሞ እሱው ነው።

ሰዓት፣ ቻርጀርና እስክሪብቶ መስለው የተሠሩ ድብቅ ካሜራዎችን አትግዙ። በሥራቸውም ደካማ ናቸው፤ ቻርጀር የሚመስሉት የ220 ቮልቱንና የካሜራውን ክፍል በአንዲት ጠባብ ሣጥን ስለሚያጭቁ ይግላሉ፣ ሚሞሪውም ቶሎ ይበላሻል። ዋናው ምክንያት ግን ሌላ ነው። ድብቅ ካሜራ ጥፋቱን ከተፈጸመ በኋላ ያሳያል እንጂ አያስቀርም፤ መኖሩን የምታውቅ ሞግዚት ግን ገና ከመጀመሪያው ትጠነቀቃለች። የተደበቀው አንድ ቀን መገኘቱም አይቀርም፤ በተገኘ ማግስት ደህናዋም ሞግዚት ትሄዳለች፣ ልጁም የለመደውን ሰው ያጣል።

ባለገመድ አራት ካሜራና የመቅጃ ሣጥን ለግቢና ለሱቅ ነው፤ ለዚህ ጉዳይ ከመጠን በላይ ነው።

ከአሜሪካ ዘመድ ለሚልክላችሁ ደግሞ አንድ ጥያቄ አስቀድሙ፦ የሚሞሪ ካርድ ማስገቢያ አለው ወይ? እዚያ ስመ ጥር የሆኑት እንደ ሪንግ ያሉት የቤት ውስጥ ካሜራዎች ማስገቢያ የላቸውም፤ ለመቅዳት በዶላር ወርሃዊ ክፍያ ይጠይቃሉ። አዳፕተሩ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ካለ የእኛን መብራት ይችላል፤ ጠፍጣፋውን ሶኬት መቀየሪያ ብቻ ነው የሚፈልገው።

መብራትና ኔትወርክ

ጎንደር ላይ ካሜራ ከሚከሽፍባቸው ምክንያቶች ቀዳሚው መብራት ነው። ካሜራው ብቻውን ባትሪ ቢኖረው ራውተሩ ከጠፋ ከሩቅ ማየት አይቻልም፤ ስለዚህ ሁለቱም አብረው መቆየት አለባቸው። ለራውተር ተብለው የሚሸጡት ትንንሽ ዩፒኤሶች 5፣ 9 እና 12 ቮልት መውጫ አላቸው። ከመግዛታችሁ በፊት 9ኙና 12ቱ በአንድ ጊዜ መሥራታቸውን አስፈትሹ፤ በአንዳንዱ ላይ ከሁለቱ አንዱን ብቻ የሚመርጥ ቁልፍ አለና ራውተርና ታፖ አብረው አይሄዱለትም። 8,800 ሚሊአምፒር ሰዓት የተጻፈበት እውነተኛ ከሆነ 32 ዋት ሰዓት ገደማ ይይዛል፤ በመለዋወጥ የሚባክነው ሲቀነስ 26 ያህል ይቀራል። ራውተሩ 6 ዋት፣ ካሜራው 4 ዋት ቢወስዱ ሁለት ሰዓት ተኩል ያቆያቸዋል። መብራት ከዚያ በላይ ጠፍቶ በሚቆይባቸው ቀናት ካሜራው ይጠፋል፤ ይህን አውቃችሁ ካሜራው በጠፋ ቁጥር ሞግዚቷ ነቀለችው ብላችሁ አትደምድሙ።

መብራት ተመልሶ ሲመጣ ብዙ ጊዜ ከፍ ብሎ ነው የሚመጣው፤ ቀድሞ የሚቃጠለውም አዳፕተሩ ነው። ቮልቱና አምፒሩ አንድ የሆነ መለዋወጫ አዳፕተር መሳቢያ ውስጥ ይቀመጥ።

ኢንተርኔት ሌላው ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ሲቋረጥ ለወራት ሳይመለስ ቆይቷል። በሲም ካርድ በሚሠራ ራውተር ላይ ብቻ የተመሠረተ ካሜራ በእንዲህ ያለ ጊዜ ከሩቅ አይታይም። የቤት መስመር፣ በተለይ ፋይበር የገባበት ሰፈር ከሆናችሁ እሱን አስቀድሙ። ካሜራውም ኢንተርኔት በሌለበት ሚሞሪው ላይ መቅረጹን ይቀጥላል። አንድ ነገር ግን ይሳሳታል፤ ብዙዎቹ ካሜራዎች ሰዓታቸውን የሚያገኙት ከኢንተርኔት ስለሆነ መብራት ሄዶ ሲመጣ ኢንተርኔት ከሌለ ቀኑና ሰዓቱ ተዛብቶ ይቀረጻል። የዚያን ቀን ቅጂ በሰዓቱ ስትፈልጉ ብታጡት ከዝርዝሩ መጀመሪያ ላይ፣ በአሮጌ ዓመተ ምህረት ሥር ተመልከቱ።

ከሥራ ቦታ በስልክ ዳታ ስታዩ በጠራው ምስል 10 ደቂቃ 75 ሜጋባይት ገደማ ይበላል፤ ጥራቱን ዝቅ ካደረጋችሁት ወደ 22 ይወርዳል። ልጁ ተኝቷል ወይስ ነቅቷል የሚለውን ለማወቅ ዝቅተኛው ይበቃል።

መጀመሪያ ሲገጠም የሚያስቸግሩ ሁለት ነገሮች አሉ። እነዚህ ካሜራዎች አብዛኞቹ የሚሠሩት በ2.4 ጊጋኸርዝ ዋይፋይ ብቻ ነው፤ ራውተሩ 2.4ንና 5ን በአንድ ስም ካሠራጨ በራውተሩ ቅንብር ገብታችሁ ስማቸውን ለዩ። ሁለተኛው፣ ስልኩ ከካሜራው ጊዜያዊ ዋይፋይ ጋር ሲገናኝ «ኢንተርኔት የለውም» ብሎ ወደ ሞባይል ዳታ ይዘላል፣ ምዝገባውም መሐል ላይ ይቋረጣል። ያን ጊዜ ዳታውን አጥፍታችሁ እንደገና ጀምሩ።

ሚሞሪ ካርድ

1080ፒ ምስል በሴኮንድ አንድ ሜጋቢት ገደማ ከወሰደ በሰዓት 450 ሜጋባይት፣ በ24 ሰዓት 10.8 ጊጋባይት ይሆናል። 32 ጊጋባይት ካርድ እንግዲህ ሦስት ቀን እንኳ አይይዝም። ነገር ግን ካሜራው ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ቀኑ 11 ሰዓት ብቻ እንዲቀርጽ ካደረጋችሁት በቀን 4 ጊጋባይት ይበቃዋል፤ 64 ጊጋባይቱ ሁለት ሳምንት ይይዛል። ሌሊቱን መተው ለሞግዚቷ ክብር ብቻ ሳይሆን ለካርዱም ዕድሜ ነው።

ገበያ ላይ 128 ተብሎ ተጽፎ ውስጡ 16 ወይም 32 የሆነ ካርድ ሞልቷል። ስልክ ላይ ሲታይ 128 ይላል፤ እውነተኛው መጠን ሲሞላ ግን አዲሱ ቅጂ ይበላሻል። ሰው የሚያውቀው ደግሞ ማየት በሚያስፈልገው ቀን ነው። ኮምፒውተር ላይ ኤች2ቴስትደብሊው የተባለው ነፃ ፕሮግራም ካርዱን እስከ ጫፍ ሞልቶ መልሶ ያነበዋል፤ ሰዓታት ይፈጃል፣ ግን ይለያል። ከሻጩ ጋር «ተፈትኖ ካልሆነ ይመለሳል» ተባብላችሁ ግዙ። ለካሜራ የተሠሩ፣ ረጅም መቅረጽ የሚችሉ ካርዶች አሉ፤ ከተገኙ ዋጋቸው ይገባቸዋል። ካርዱን ፎርማት የምታደርጉት በስልክ ሳይሆን እዚያው ካሜራው ውስጥ ነው።

የት ይሰቀል

ሁለት ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በጥግ፣ መስኮቱን በፊቱ ሳይሆን በጀርባው አድርጎ። መስኮት ፊት ለፊት ከሆነ ቀን ሰው ሁሉ ጥቁር ጥላ ይሆናል፤ ማታ ደግሞ የራሱ ብርሃን ከመስታወቱ ይመለስና ምስሉ ይነጣል። አጎበርም እንደዚሁ ነው፤ ሕፃኑ አጎበር ውስጥ ተኝቶ ካሜራው በጨለማ ሲያይ የሚታየው ነጭ ጉም ብቻ ነው። የቀን እንቅልፍ ላይ መጋረጃውን በከፊል ክፈቱና ካሜራውን በቀን ምስል ላይ አቆዩት።

ብሎኬት ግድግዳ ላይ በ6 ሚሊሜትር ድሪል ተበስቶ ፊሸር ሲገባበት ይይዛል። ጭቃ ቤት ላይ ፊሸር አይይዝም፤ ልስኑ ይፈረፈርና ካሜራው ይወድቃል፤ ቋሚውን ወይም ማገሩን አንኳኩቶ አግኝቶ በእንጨት ብሎን እሱ ላይ ማሰር ነው፣ አለዚያም ቡፌው ወይም ቁም ሣጥኑ አናት ላይ ማስቀመጥ። አሮጌዎቹ የድንጋይ ቤቶች ደግሞ ግድግዳቸው ወፍራም ስለሆነ ዋይፋዩን ይውጡታል፤ እዚያ ራውተሩና ካሜራው አንድ ክፍል ይሁኑ።

የካሜራው ገመድ ከሕፃኑ አልጋ ቢያንስ አንድ ሜትር ይራቅ። አልጋው ላይ ቆሞ እጁን የሚሰድ ልጅ ገመዱን ይስባል፣ አንገቱ ላይም ሊጠመጥመው ይችላል። ሶኬቱም ለብቻው ይሁን፤ ሞግዚቷ ስልኳን ቻርጅ ለማድረግ ወይም ለካውያ ስትል የምትነቅለው ካሜራ በየቀኑ ጠብ ያመጣል፣ ጥፋቱም የእሷ አይደለም።

ብዙ ቤት ማድ ቤቱ ከዋናው ቤት ተነጥሎ ግቢ ውስጥ ነው። ሞግዚቷ ወጥ ልትሠራ ስትወጣ ልጁ ወይ ብቻውን ይቀራል ወይ ከሰል ወደተቀጣጠለበት አብሮ ይሄዳል። ካሜራው ሁለቱንም አያድናቸውም። ሳሎን የተሰቀለ ካሜራ የሚያሳየው ባዶ ክፍል ነው፤ የከሰል ጢስ የታፈነበትን ክፍል ደግሞ የትኛውም ካሜራ አይለይም። እዚህ ላይ ገንዘብ ማውጣት ካለባችሁ ሁለተኛ ካሜራ ሳይሆን ለልጁ መከለያ ግዙ፤ ሥራውንም ልጁ በሚተኛበት ሰዓት እንድትሠራ አመቻቹላት። አንዲት ሴት ሕፃን አቅፋ እንጀራ ጋግራ ልብስ አጥባ ቤት ወልውላ እንድትውል ተደርጎ፣ ለአምስት ደቂቃ ዞር ስትል በካሜራ ብትያዝ፣ ካሜራው የመዘገበው የእሷን ጥፋት ሳይሆን የሥራውን ብዛት ነው።

ለሞግዚቷ መንገር

በቅጥሩ ቀን፣ ዋሱ ባለበት ይነገር። ቃሉ አጭርና ግልጽ ይሁን፦ «እታለም፣ ይኸ ካሜራ ነው። ጠዋት ስወጣ ይበራል፣ ድምፅም ይሰማል። የሚያየው ሳሎኑን ብቻ ነው። ማታ ስመለስ ከዚህ ማጥፊያ አጠፋዋለሁ፤ ብረሳው አንቺ አጥፊው። ልጁ ቢወድቅ፣ ቢያመው፣ ምን እንደነካው እንድናውቅ ነው። አንቺንም ባልሠራሽው ሰው እንዳይወቅስሽ ነው።» ከዚያ ስልኩን አውጥታችሁ ካሜራው የሚያየውን አሳዩዋት። የት ድረስ እንደሚታይ ያየች ሴት የማይታየውን ቦታዋን ታውቃለች፤ ልብሷን እዚያ ትቀይራለች። መኝታዋ ሳሎን ከሆነ ቀን ልታርፍ ስትፈልግም የምትሸሸግበት ጥግ ያስፈልጋታል።

አፑ ላይ የካሜራውን ትንሽ መብራት ማጥፋት ይቻላል፤ አታጥፉት። ቡና ሊጠጡ የሚመጡ ጎረቤቶችም መቀዳታቸውን ይወቁ፤ ካልሆነ በቡናው ሰዓት ድምፁን ዝጉት።

ሞግዚቶች ብዙዎቹ ከገጠር የመጡ ልጃገረዶች ናቸው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዕድሜው 15 ያልሞላውን መቅጠር ይከለክላል፤ አዋጁ የቤት ሠራተኛን ቅጥር በአጠቃላይ ባይሸፍንም ይህን ዕድሜ እናንተም አክብሩ። ከ15 እስከ 18 ያለች ልጅ ከሆነች የምትቀርጹት ልጃችሁን ብቻ ሳይሆን ሌላም ልጅ መሆኑን አትርሱ። አዋጁ ቅጥራችሁን ስለማይሸፍንም በመካከላችሁ የሚኖረው ስምምነት የበለጠ ክብደት አለው፤ የካሜራው ነገር በአንድ መስመር ይጻፍበት። የግል ሕይወት መከበር በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 ለማንኛውም ሰው የተሰጠ መብት ነው፤ በሰው ቤት የምታድርም ሴት ከዚህ አትወጣም።

የካሜራው ድምፅ ማጉያ ፈታኝ ነገር ነው። ከቢሮ ሆኖ «ለምን አላበላሽውም!» ብሎ መጮህ ሞግዚቷን ያስደነግጣታል፣ ሕፃኑም እናቱን ክፍሉ ውስጥ ይፈልጋትና ያለቅሳል። ድምፁም በኔትወርክ ስለሚዘገይ መልስና ጥያቄው ይጋጫል። ስልክ ደውሉላት።

ምን ማየት፣ እንዴት ማመን

ቀኑን ሙሉ ማየት አይቻልም፣ ሥራም ያስፈታል። ሦስት ጊዜ ይበቃል፤ ከወጣችሁ በኋላ ያለው ግማሽ ሰዓት፣ የምሳ ሰዓት፣ ልትመለሱ ስትሉ ያለው ሰዓት። የምታዩት ልጁ ሲያለቅስ ምን ያህል ቆይታ እንደምትደርስለት፣ ከወለል ስታነሳው በአንድ ክንዱ መሳቧን ወይስ በብብቱ ማንሳቷን፣ እያጎረሰች አፉ ባዶ እስኪሆን መጠበቋን ነው። ልጁ ወደ እሷ ሲቀርብ የሚያደርገው ከሁሉም በላይ ይናገራል፤ እጁን ዘርግቶ የሚሄድ ልጅና ድምጿን ሲሰማ የሚሸማቀቅ ልጅ ይለያያሉ።

የአፑ ሰዓት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። «4 ሰዓት ላይ አብልቼዋለሁ» ካለች የምትፈልጉት 10:00 ላይ ነው። የሰዓት ክልሉም ፕላስ 3 ላይ መሆኑን አረጋግጡ።

ስልክ ላይ የመጣን ቁራጭ ምስል አይቶ መፍረድ አደገኛ ነው። ኔትወርክ ሲደክም መሐል ያሉ ምስሎች ይዘለላሉ፤ ልጁን ከመውደቅ ለመያዝ የተወረወረ እጅ ምት ይመስላል። ከመናገራችሁ በፊት ሚሞሪው ላይ ያለውን ሙሉ ቅጂ፣ ከዚያ በፊት ካለው አምስት ደቂቃ ጀምሮ ከነድምፁ ተመልከቱ።

በእርግጥ ልጁ ተጎድቶ ከሆነ መጀመሪያ ልጁን ከእሷ ለይታችሁ ሐኪም ጋ ውሰዱት፤ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል አለ። ካሜራውን አጥፍታችሁ ካርዱን አውጡት፤ እየዞረ ስለሚቀርጽ ካልወጣ አሮጌውን እየሰረዘ ይሄዳል። ካርዱ ሳይነካ ይቀመጥ፤ ቅጂውን ኮምፒውተር ላይ አድርጋችሁ ለፖሊስ የሴቶችና ሕፃናት ክፍል አቅርቡ። ቴሌግራምና ቲክቶክ ላይ መልቀቅ ግን ጉዳዩን ያበላሻል። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ክብርና ስምን የሚያጎድፍ ምስል በኮምፒውተር ማሠራጨትን ወንጀል ያደርገዋል፤ የልጃችሁም ፊት አንዴ ከወጣ አይመለስም።

ገጣሚዎቹ

ካሜራ የሚገጥሙልን ቴክኒሽያኖች ሥራው ላይ በአብዛኛው ጎበዞች ናቸው፤ ገመድ ይደብቃሉ፣ ራውተር ያስተካክላሉ። አንድ ልማድ ግን መቆም አለበት። ለመፍጠን ሲሉ ካሜራውን በራሳቸው ኢሜይል ያስመዘግቡና ለባለቤቱ «አጋርቼልዎታለሁ» ብለው ይሄዳሉ። የካሜራው ባለቤት እንግዲህ ገጣሚዎቹ ናቸው፤ በፈለጉ ሰዓት ያያሉ፣ ሊያግዱም ይችላሉ። አካውንቱ በእናንተ ኢሜይል፣ በእናንተ ስልክ፣ እናንተ በጻፋችሁት የይለፍ ቃል ይከፈት። ቀድሞ ተገጥሞላችሁ ከሆነ አፑ ላይ «የተጋራ» የሚል ምልክት እንዳለበት ተመልከቱ፤ ካለ እነሱ እንዲያወጡት ጠይቃችሁ እንደ አዲስ መዝግቡት።

ለባል፣ ለአያት ወይም ውጭ ላለች እህት ማሳየት ስትፈልጉም የይለፍ ቃሉን አትስጡ፤ በማጋሪያው በኩል በየስማቸው አስገቧቸው፣ ሞግዚቷም እነማን እንደሚያዩ ትወቅ። ሞግዚቷ ሥራ ስትለቅ እሷ ያለችበትን ቅጂ ካርዱን ፎርማት አድርጋችሁ አጥፉ፤ ካሜራውን ስትሸጡ ደግሞ ካርዱን አስቀሩ፣ ከአካውንታችሁም አውጡትና ለገዢው በስልኩ ሲመዘገብለት አብራችሁ ተመልከቱ።